«ለጀማሪ ይበቃል» የተባለው ባለ ቀበቶ መሞረጃ፦ ከስምንት ወር በኋላ

የቢላዬ ስለት ሰማያዊ ሆነ። ቢላን በሚዞር የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ የሚሞርደውን የዚህን ማሽን ነገር ለመናገር ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

የባሌስትራ ብረት ቢላ ግሎ ዘይት ውስጥ ከተነከረ በኋላ ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ አንድ ሰዓት ይቆያል። ያኔ የሚይዘው ቀለም የገለባ ነው። ሰማያዊ የሚመጣው ሙቀቱ ወደ 300 ሲጠጋ ነው፤ ሲመጣ ጥንካሬው ከስለቱ ወጥቷል ማለት ነው። የነካው ቦታ ጥልቅ ካልሆነ ተሞርዶ ይወጣል፤ ጥልቅ ከሆነ ግን እንደገና ማጋል፣ እንደገና መንከር፣ እንደገና ምድጃ። ይህ መሞረጃ ያን ቀለም ለማውጣት ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል።

ማሽኑ 25 በ762 ሚሊሜትር ቀበቶ የሚይዘው ትንሹ ነው። ሞተሩ 250 ዋት፣ ፍጥነቱ አንድ ብቻ፣ በሰከንድ 16 ሜትር ገደማ። ሻጮች ሁሉ አንድ ቃል አላቸው፦ «ለጀማሪ ይበቃል፣ ስትለምድ ትልቁን ትገዛለህ።» እኔ ደግሞ የምለው፣ ጀማሪ ነው ይህን ማሽን መግዛት የሌለበት። የለመደ እጅ ሙቀቱን ከጣቱ ያውቃል። ጀማሪ የሚያውቀው ቀለሙን ካየ በኋላ ነው።

«ውሃ አጠገብህ አድርግ» ይላሉ። ትክክል ነው፤ በየምልልሱ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ያለ ጓንት በባዶ ጣት መያዝ ግድ ነው። ነገር ግን ስለቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ሲሳሳ ሙቀቱ መሄጃ የለውም፤ ደንደሱ ቀዝቃዛ እንደሆነ ጫፉ ይቃጠላል። ውሃው የሚያቀዘቅዘው የተቃጠለውን ነው።

«ጥሩ ቀበቶ ግዛ፣ ሴራሚክ አድርግበት» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ነው በጣም የምከራከረው። ቀበቶው ላይ የተለጠፈው የሴራሚክ ፍሬ ስለታም ሆኖ የሚቆየው ሲጫኑት እየተሰበረ አዲስ ጠርዝ ስለሚያወጣ ነው። 250 ዋት ሞተር ላይ ከተጫኑት ቀበቶው ይቆማል። ካልተጫኑት ፍሬው አይሰበርም፤ ይደነዝዝና ይለሰልሳል። የደነዘዘ ቀበቶ ብረት አይቆርጥም፣ ያሻል፤ የማሸት ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ውዱ ቀበቶ ከርካሹ ቀድሞ ያቃጥላል። የሞተሩን ድካም ቀበቶ አይክሰውም።

ወጪውም ከዚያው ይመጣል። 7 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ባሌስትራ የወጥ ቤት ቢላ ለማውጣት ቁጥር 60 (ቁጥሩ ሲያንስ ቀበቶው ሻካራ ነው) አራት፣ ቁጥር 120 ሁለት፣ 240 አንድ፣ 400 አንድ፤ በድምሩ ስምንት ቀበቶ ይሄዳል። ብረቱን ከምናለሽ ተራ በርካሽ ማግኘት ይቻላል፤ ቀበቶው ግን በአራተኛው ወር የማሽኑን ዋጋ አልፏል። ለእንጨት ሥራ የሚሸጠው ቀበቶ 75 በ533 ስለሆነ ለዚህ አይገጥምም። ከጥቅል ቆርጦ ማጣበቅም ያው ነው፤ መጋጠሚያው ስለሚወፍር በዞረ ቁጥር ቢላውን ይመታዋል፣ ገጹ ላይ የተደረደረ ሰረዝ ይተዋል። ያገለገለ ባሌስትራ ደግሞ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ስንጥቁ ከዘይቱ ሲወጣ ከታየ ከመንከር በፊት ያለቁት ስድስቱ (የ60 እና የ120) ቀበቶ አብሮ ሄደ።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣውን ለማዘዝ ለምታስቡ፦ ያ ማሽን ለ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የተሠራ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። በእኛ 50 ኸርዝ ሞተሩ አንድ ስድስተኛ ፍጥነቱን ያጣል፣ ራሱም ይግላል።

እጀታ ላይ ግን አልወቅሰውም። ወይራም ሆነ ቀንድ፣ ቀበቶው ከኋላው መደገፊያ በሌለበት በላላው ቦታ ላይ አስጠግቶ ማድቦልቦል ያምርበታል። አቧራው መጥፎ ነውና ጭንብል ይደረግ።

በዚያው ገንዘብ ጥሩ ሞርሳ፣ 30 ሳንቲሜትር ሻካራ ጠፍጣፋ ሞረድና 115 ሚሊሜትር ግራይንደር ከባለ ቅጠል ዲስክ ጋር ይገዛ ነበር። ባሌስትራውን ማግኔት እስኪተወው ማጋል፣ ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብሮ ማሳደር፤ ጠዋት ሞረድ ይቆርጠዋል። ውፍረቱን በግራይንደር፣ ወደ ስለቱ እየሳሳ የሚወርደውን ተዳፋት በሞረድ ማውጣት። ከመንከር በፊት ስለቱን 1 ሚሊሜትር ላይ ማቆም ያስፈልጋል፤ ከዚያ የሳሳ ስለት ዘይቱ ውስጥ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ፣ በእጅ። ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ በእጅ የተሞረደ ስለት ግን አይቃጠልም።

ማሽን የግድ ካላችሁ 50 በ1829 ሚሊሜትር ቀበቶ የሚይዝ፣ 1.5 ኪሎዋት ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ያለው ይሁን፤ ከቤት 220 ቮልት የሚነዳው የፍጥነት መቆጣጠሪያም አብሮ ይኑረው። እስኪገኝ ገንዘቡን ማስቀመጥ ይሻላል።

ትንሹን የገዛችሁ ደግሞ ቢላው ዘይት ውስጥ ከመነከሩ በፊት ተጠቀሙበት። ከተነከረ በኋላ አዲስ ቀበቶ ብቻ፣ ቁጥር 120 እና ከዚያ በላይ፣ ሳትጫኑ፣ አንድ ምልልስ አንድ ውሃ። ቀበቶው ብልጭታ መርጨት ሲቀንስ ደንዝዟልና «ትንሽ ይቀረዋል» ሳትሉ ለእጀታ እንጨት አስቀሩት።