ደስታ ወይስ እርካታ፦ የቱን እንፈልግ?

ደስታና እርካታ አንድ አይደሉም። «ሐሴትስ የቱ ጋ ነው?» ለሚል፣ ከደስታ ጎራ እመድበዋለሁ። ጠልቆ የሚሰማ ደስታ ነው፤ ግን እሱም መጥቶ ይሄዳል። እርካታ ሌላ ነው።

ደስታ፦ ድንገት ይመጣል። የጎረቤታችን የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣ ቀን ግቢው በእልልታ ቀለጠ። እናቷ ተንበርክከው መሬት ሳሙ። በስድስት ወሩ ወሬው ሁሉ የባንክ ክፍያና የውኃ መጥፋት ሆነ።

እርካታ፦ ቀስ ብሎ ይገነባል። አያቴ በረካውን ጠጥታ ሲኒውን ስትመልስ «ተመስገን» ትላለች። ያን ቀን ምንም አዲስ ነገር አልተፈጠረም።

ዋጋ፦ ደስታ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያስወጣል። እርካታ ጊዜ ይፈልጋል።

ስጋት፦ ደስታ ይለመዳል። በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች ካልደረሳቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። ባለዕድሎቹ ያን ያህል የበለጠ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም። እንዲያውም ቁርስ እንደመብላት ባሉ ተራ ነገሮች የሚያገኙት ደስታ አነስ ያለ ነበር። እርካታም ስጋት አለው። በደልን «ምን ይደረግ» ብሎ ችሎ መቀመጥ እርካታ ይመስላል። አይደለም! በዚህ አልደራደርም።

ለማን የቱ? ልጅ ሲመረቅ፣ ሙሽራ ሲመጣ እልል በሉ፤ አትሰስቱ። ሐዘን የከበደውንም ሰው «ባለህ ርካ» አትበሉት፤ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አጫውቱት። ሥራ ለመቀየር ወይም አገር ለቆ ለመሄድ ሲታሰብ ግን የእርካታን ጥያቄ ማስቀደም ይሻላል፦ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በተራ ማክሰኞ ጠዋት፣ ይህን ኑሮ እወደዋለሁ?