አባቴን ለምታክምልን የጎንደር ሐኪም ምስጋና

ይህን የምጽፈው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለምትሠራ አንዲት ሐኪም ነው። ስሜ አይነሳ ስላለች አልጠራትም። ግን ቤታችሁ ድባቴ ይዟቸው መድኃኒቱ አልሠራ ያላቸው አዛውንት ካሉ፣ እዚያ ውሰዷቸው።

አባባ ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ነገሩ የጀመረው በወገብና በሆድ ነው። "ወገቤን"፣ "ሆዴን ነፋኝ" ይላሉ። ምግብ አይቀምሱም፣ ሌሊት ዓይናቸው አይከደንም። "ከፋኝ" ግን አንድም ቀን አላሉም። በዚህ ዕድሜ ድባቴ በሰውነት ሕመም ተሸፍኖ እንደሚመጣ ማን ነግሮን! ዘመዱም ጎረቤቱም "እርጅና ነው" አለ። ጠበሉንም ሞከርን፣ አሁንም አልተውነውም።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ፍሉኦክሰቲን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ታዘዘላቸው። በወጉ ወሰዱት፣ ለውጥ የለም። ቀጥሎ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ሌላ የድባቴ መድኃኒት መጣ። እንቅልፍ ሰጣቸው፤ ግን አፋቸው ደረቀ፣ ፕሮስቴት አለባቸውና ሽንት እምቢ አላቸው፣ ሌሊት ሲነሱ ይንገዳገዱ ጀመር።

ዶክተሯ ጋ ስንገባ እስክሪብቶ አላነሳችም። የፌስታሉን መድኃኒት በሙሉ ጠረጴዛው ላይ አስዘረገፈችን። የግፊቱ፣ የፕሮስቴቱ፣ ያለ ማዘዣ የገዛነው የእንቅልፍ ክኒን ሳይቀር። አንድ በአንድ እያነሳች "ይሄን ማን አዘዘልዎት አባባ? ይሄንስ መቼ ነው የሚውጡት?" ትላለች። ከዚያ አስተኝታ ግፊታቸውን ለካች፣ አስነስታ ደግማ ለካች። ሲቆሙ ወረደ። "ይኸው መንገዳገዱ" አለች። የታይሮይድና የሶዲየም (በደም ውስጥ ያለ የጨው ዓይነት) ምርመራም አዘዘች። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች አዛውንት ላይ ሶዲየም ሊያወርዱ ይችላሉ፣ ያ ራሱ ድካምና መደናገር ያመጣል አለችን።

አሚትሪፕቲሊኑን ቀስ በቀስ አስቆመች። ሰርትራሊን የሚባል ሌላ የድባቴ መድኃኒት በትንሹ ጀምራ በየቀጠሮው ከፍ አደረገችው። ትንሽ ሻል አላቸው፣ ከዚያ ቆመ። እዚህ ጋ ነው ልዩነቷን ያየሁት። ወይ እንቀይር፣ ወይ በያዙት ላይ ሌላ እንደምር ብላ አስረዳችን። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካና የካናዳ ጥናትም ነገረችን። ሰዎቹ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ቢያንስ ሁለት መድኃኒት ሞክረው አልሠራላቸውም። በያዙት ላይ አሪፒፕራዞል የሚባል መድኃኒት ከተደመረላቸው ከ100ው 29 ያህሉ ከድባቴው ወጡ። ቡፕሮፒዮን ወደሚባል ሌላ የድባቴ መድኃኒት ከተቀየረላቸው 19 ያህሉ። ቡፕሮፒዮን በያዙት ላይ ከተደመረላቸው ደግሞ 28 ያህሉ ወጡ፣ ግን መውደቅ የበዛው እነሱ ላይ ነው። "አባባ እየተንገዳገዱ ይሄን አልደፍርም። አሪፒፕራዞሉን እንደምር፤ እሱም ላይሠራ ይችላል፣ እወቁት" አለችን። ቁርጡን መናገሯን ወደድኩላት። የውሸት ተስፋ የሚሰጥ ሞልቷል።

አሪፒፕራዞሉን ፒያሳ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬ አጣሁት፣ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ላከችልን። "እግራቸው አላርፍ ካለ፣ መቀመጥ ካቃታቸው ቶሎ ንገሩኝ" ብላን ነበር። እንዳለችውም ሆነ። መጠኑን ቀነሰችው፣ ተረጋጉ።

አባባ ድነዋል አልልም። ግን ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ እሁድ ራሳቸው ለባብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ በጤፍ ዋጋ ከእኔ ጋር ይጨቃጨቃሉ።

የምትሄዱ ሰዎች፣ በጠዋት ድረሱ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ የአገር ቤቱንም ጨምሮ። የያዙትን በራሳችሁ አታስቁሙ። ለሲስተሮቹ "አዛውንት ይዤ መጥቻለሁ" በሏቸው፣ ይመሯችኋል፤ እነሱም አንጀት አርስ ናቸው።

ዶክተርዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አባባ "ለዚያች ልጅ ዕድሜ ይስጣት በልልኝ" ብለዋል።