ለትንሽ ልጅ የእጅ ጌም ሲገዛ፦ ስዊች ላይት፣ መደበኛው ስዊች ወይስ ርካሹ «400 በ1»?

ከ5 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ የእጅ ጌም በስጦታ ለመግዛት ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ስለ ማሽኑ አቅም ነው፤ ስንት ጊጋ እንደሚይዝ፣ ስክሪኑ ስንት ኢንች እንደሆነ፣ የትኛው አዲስ እንደወጣ። ለዚህ ዕድሜ አቅም መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነገር ነው። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ልጁ የሚጫወተው ብቻውን ነው ወይስ ከእህት ከወንድሙ ጋር፣ ማንበብ ይችላል ወይስ ገና ነው፣ ቤት ውስጥስ ደህና ዋይፋይ አለ ወይ የሚለው ነው። ይህ ከታወቀ ምርጫው ሁለት ዕቃ ላይ ይወድቃል። ሁለቱም የኒንቴንዶ ናቸው፦ ስዊች ላይትና መደበኛው ስዊች። የቀሩት ወይ ለትልቅ ሰው የተሠሩ ናቸው፣ ወይ ብዙም ሳይቆዩ መሳቢያ ውስጥ የሚገቡ።

ላይት በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ክብደቱ 275 ግራም፣ ስክሪኑ 5.5 ኢንች ነው። መቆጣጠሪያው ከአካሉ ጋር አንድ ላይ ስለተሠራ የሚነቀልም፣ ሶፋ ሥር ገብቶ የሚጠፋም ነገር የለውም። መደበኛው ስዊች ሁለቱ ጆይኮኖች (ከግራና ከቀኝ የሚነቀሉት መቆጣጠሪያዎቹ) ሲገጠሙለት 398 ግራም፣ ኦሌድ የሚባለው ባለ 7 ኢንች ዓይነቱ ደግሞ 420 ግራም ይመዝናሉ። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ የ6 ዓመት ልጅ ግን ከባዱን ይዞ ብዙ ሳይቆይ ክንዱ ይዝላል፣ ማሽኑን ጭኑ ላይ ያሳርፍና አንገቱን ደፍቶ ይጫወታል። ላይት እስከ መጨረሻው በእጅ ይያዛል። ባትሪው እንደ ጌሙ ከ3 እስከ 7 ሰዓት ይሄዳል፣ ለመሙላትም 3 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል።

ጉድለቱን ግን ሻጮች አያነሱትም። ላይት ከቲቪ ጋር አይገናኝም። «ዶኩን (ከቲቪ ጋር የሚያገናኘውን ማስቀመጫ) ለብቻው ገዝቼ አያይዘዋለሁ» ማለትም አይሠራም፣ ማሽኑ ምስል ወደ ውጭ እንዲያወጣ ተደርጎ አልተሠራምና። ከኋላው ማቆሚያ እግር የለውም፣ አይንቀጠቀጥም። ከሁሉም በላይ አንዳንድ ጌሞች በእጅ ተይዘው ጨርሶ አይጫወቱም። ይህን ለማወቅ የጌሙን ሳጥን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ይበቃል፤ ሦስት ትንንሽ ሥዕሎች አሉ፦ ቲቪ፣ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ማሽን፣ በእጅ የተያዘ ማሽን። ሦስተኛው ከሌለ ጌሙ ለላይት አይሆንም። በ2018 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ፓርቲ ከእነዚህ አንዱ ነው፣ ለልጅ ብለው ከሚገዙት ጌሞችም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱው ነው። ጆይኮን ለብቻው ገዝቶ በብሉቱዝ ማገናኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ላይት ጆይኮን የሚሰካበት ጎን ስለሌለው ቻርጅ ማድረጊያም አብሮ መግዛት ይመጣል። እዚያ ሲደረስ መጀመሪያውኑ መደበኛውን መግዛት ይሻል ነበር።

ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሁለት ልጅ ካለ ላይት አይግዙ። አንድ ላይት ለሁለት ልጅ ማለት በየቀኑ «ተራዬ ነው» የሚል ጠብ ነው። መደበኛው ስዊች ጆይኮኖቹ ሲነቀሉ እያንዳንዳቸው ወደ ጎን ተይዘው ራሳቸውን የቻሉ ጆይስቲክ ይሆናሉ፤ ሁለት ልጆች ሌላ ነገር ሳይገዛላቸው ባንድ ማሽን ይጫወታሉ። ያገለገለ ከሆነ በ2019 ባትሪው የተሻሻለውን ይምረጡ፤ የድሮው ከ2.5 እስከ 6.5 ሰዓት፣ የተሻሻለው ከ4.5 እስከ 9 ሰዓት ይሄዳል። የሞዴል ቁጥሩ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ 001 ብቻ ከሆነ የድሮው ነው፣ በቅንፍ ተጨማሪ 01 ካለው አዲሱ።

ሁለቱንም ስዊቾች የሚያገኛቸው አንድ የታወቀ ብልሽት አለ። አናሎጉ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፋው ትንሹ ዱላ፣ ሥሩ ስስ የካርቦን ሽፋን አለው፤ በላዩ ላይ ትንሽ ብረት እየተንሸራተተ አቅጣጫውን ይለካል። ሽፋኑ በብዛት ሲፋቅ ወይም ብናኝ ሲገባበት ማሽኑ ያልተነካውን አናሎግ እንደተነካ ይቆጥረዋል። ልጁ ጣቱን አንስቶ ተቀምጦ ሳለ ማሪዮ በራሱ ወደ ግራ መራመድ ይጀምራል። ወጥ የነካ ጣት፣ የብስኩት ፍርፋሪና በኃይል መጫን ሁሉ ያፋጥኑታል። ለመፈተሽ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የአናሎግ ማስተካከያውን መክፈት ነው፤ ሳይነኩት መሃል ላይ መቆም ያለበት ምልክት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ችግሩ ጀምሯል። እዚያው ላይ ማስተካከል ለጊዜው ይረዳል፣ የነፋስ ስፕሬይም እንዲሁ፤ የተፋቀ ሽፋን ግን አይመለስም። ልዩነቱ ጥገናው ላይ ነው። በመደበኛው አንዱን ጆይኮን ነቅሎ በሌላ መተካት ነው። በላይት ማሽኑን ራሱን መክፈት ግድ ነው፣ ልጁም እስኪጠገን ባዶ እጁን ይቀመጣል። የሚቀየር ከሆነ በማግኔት የሚለካውን፣ ሆል የሚባለውን አናሎግ ይጠይቁ፤ የሚፋተግ ነገር ስለሌለው በዚህ መንገድ አይበላሽም።

ዋጋን በተመለከተ፣ ላይት ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 199.99 ዶላር ነበር፤ ከኦገስት 2025 ጀምሮ 229.99 ሆኗል። መደበኛው 339.99፣ ኦሌዱ 399.99 ገብተዋል። በእነዚህ ሳጥኖች ውስጥ ታዲያ ብዙውን ጊዜ ጌም የለም! ይህን ሳያውቅ ማሽኑን ብቻ ጠቅልሎ የሰጠ ሰው ልጁን ባዶ ስክሪን ላይ ያፈጥጠዋል። የኒንቴንዶ ታላላቅ ጌሞች በ59.99 ዶላር የሚሸጡ ናቸው፣ ዓመታት ካለፋቸው በኋላም ዋጋቸው እምብዛም አይወርድም። በጀቱ የማሽኑን፣ የአንድ ጌም፣ የጠንካራ ቦርሳና የስክሪን መስታወት ዋጋ ይያዝ። የላይትና የመደበኛው ስክሪን ላዩ ፕላስቲክ ስለሆነ ቁልፍ ያለበት ኪስ ውስጥ ከገባ ይጫራል። ኦሌዱ ላይ ከፋብሪካ የተለጠፈ ስስ ላስቲክ አለ፤ እሱ ማሸጊያ አይደለም፣ መስታወቱ ቢሰበር እንዳይበተን ነው፣ አይላጥ።

ጌሙን ማሽኑ ውስጥ በሚገባ የጌም ካርድ ይግዙ እንጂ በዳውንሎድ አይሁን። ካርድ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ለጎረቤት ልጅ ይዋሳል፣ ሲሰለችም ይሸጣል። የላይት ውስጥ ማስቀመጫ 32 ጊጋ ብቻ ስለሆነ በዳውንሎድ ቶሎ ይሞላል፤ ያኔ ተጨማሪ ማስቀመጫ የሚሆን ማይክሮ ኤስዲ መግዛት ይመጣል። የጌም ካርዱ በጣም ትንሽ ነውና ሕፃን አፉ ውስጥ ሊከተው ይችላል። ኒንቴንዶ ይህን አስቦ ዴናቶኒየም ቤንዞኤት የሚባል እጅግ መራራ ነገር ቀብቶታል፤ የቀመሰው ወዲያው ይተፋዋል። እንዲያም ሆኖ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ ካርዶቹ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ።

የትኛው ጌም? ማሽኑ ላይ አማርኛ የለም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ገና ለማያነብ ልጅ ጽሑፍ የማይበዛበት ይመረጥ። ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ለመነሻ የሚስተካከለው የለም። መኪናው ሲመረጥ የመደመር ምልክቱን ተጭኖ ሁለት ነገር ማብራት ይቻላል፦ መኪናው ራሱ ነዳጅ እንዲሰጥ፣ ከመንገድ እንዳይወጣም መሪው እንዲረዳ። የመሪው እርዳታ ሲበራ ከመኪናው ጀርባ ትንሽ አንቴና ትታያለች። የ4 ዓመት ልጅ እንኳ አቅጣጫ ብቻ እየሰጠ ውድድሩን ይጨርሳል። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ወንደር ውስጥ ደግሞ ዮሺን ወይም ናቢትን የመረጠ ልጅ ጠላት ቢነካውም አይሞትም፣ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ግን አይቀርለትም። ኪርቢ ኤንድ ዘ ፎርጎትን ላንድ ቀላል ደረጃ አለው፣ ሁለተኛ ተጫዋችም ይገባበታል። ፖኬሞንና አኒማል ክሮሲንግ ጥሩ ጌሞች ናቸው፤ ግን ከንግግር አይወጡም፣ ማንበብ የማይችል ልጅ በየደቂቃው «ምን ይላል?» እያለ ይጠራችኋል። ውጭ አገር ያደገና እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚያነብ የ8 ዓመት ልጅ ከሆነ ግን እነሱን ማስቀደም ይሻላል።

አሁን ወደ ርካሹ እንምጣ። «400 በ1» እየተባለ የሚሸጠው፣ ባለ 3 ኢንች ስክሪን ቀይ ወይም ጥቁር ጌም ብዙ ሱቅ አለ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ባትሪ የድሮ ኖኪያ ስልክ ላይ የነበረው ቢኤል-5ሲ ዓይነት ነው፤ ሲደክም መተካቱ ቀላል ነው፣ ይህ ሊመሰገንለት ይገባል። ዋይፋይ አይፈልግም፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ማስታወቂያም የለበትም። ጌሞቹ ግን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቀዱ ናቸው፣ በዚያ ላይ አንዱ ጌም በተለያየ ስም ይደጋገማል። የደረሱበትን አያስቀምጥም፤ ማሽኑ ከጠፋ ከመጀመሪያው ነው። የዚያ ዘመን ጌሞች ደግሞ ለትንሽ ልጅ የሚራሩ አይደሉም፣ የ5 ዓመቱ ልጅ ሦስት ጊዜ ሞቶ ይወረውረዋል። የባትሪው ክዳን በጥፍር የሚከፈት ከሆነ ለሕፃን አይሰጥ። ባትሪው ካበጠ ወይም ክዳኑ አልዘጋ ካለ ወዲያው ይውጣ፤ በፈጣን የስልክ ቻርጀርም አይሞላ። ለረጅም መንገድ ማሳለፊያ ይሆናል፤ የልደት ስጦታ ነው ብሎ ማቅረብ ግን ይከብዳል።

ስዊች 2 (ጁን 2025፣ 449.99 ዶላር) ለዚህ ዕድሜ ትልቅ ነው፤ 7.9 ኢንች፣ ከነጆይኮኑ 534 ግራም። ከጌሞቹ አንዳንዶቹም ካርዳቸው ቁልፍ ብቻ ነው፣ ጌሙ ራሱ በኢንተርኔት መውረድ አለበት፤ የሳጥኑ ፊት ታችኛው ክፍል ላይ ተጽፏል። ከጃፓን በርካሽ የሚመጣው የስዊች 2 ዓይነት ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ስቲም ዴክ ከ600 ግራም በላይ ነው፣ የልጅ ዕቃ አይደለም። ፕሌይስቴሽን ፖርታል ጌሙን በራሱ አያጫውትም፣ ምስሉ ከሌላ ቦታ በዋይፋይ የሚመጣለት ስክሪን ነው። ኒንቴንዶ 2ዲኤስ መታጠፊያ የሌለው ጠንካራ ማሽን ነበር፤ የኢንተርኔት ሱቁ በ2023፣ የኢንተርኔት ጨዋታው በ2024 ተዘግቷል፣ የጌም ካርዱም በአገር የተከፋፈለ ነው። ካርዶቹ አብረው ካልተሸጡ አይነካ።

ያገለገለ ስዊች ሲገዙ ሻጩ ፊት ከስልክዎ ዋይፋይ ያገናኙትና ኢሾፕን፣ የኒንቴንዶን የኢንተርኔት ጌም ሱቅ፣ ይክፈቱ። የተሰረቁ ጌሞች የተጫኑበት ማሽን ኒንቴንዶ ሊያግደው ይችላል፤ ከታገደ ኢሾፕ አይከፈትም፣ ይህም ማሽኑን አጥፍቶ እንደ አዲስ በማስጀመር አይመለስም። ከዚያ የጌም ካርድ አስገብተው ይሞክሩ፣ ቻርጀር ሰክተው ገመዱን በቀስታ ያነቃንቁ፣ አናሎጉን ከላይ በተባለው መንገድ ይዩ። የቀድሞው ባለቤት የወላጅ ፒን አስቀምጦ ከሆነ እዚያው ያስጠፉት።

ከመስጠትዎ በፊት በነበረው ምሽት ሳጥኑን ከፍተው ያዘጋጁት። ቻርጅ ይሙሉ፣ ዋይፋይ ያገናኙ፣ አፕዴቱን ይጨርሱ። አካውንቱን በአዋቂ ስም ይክፈቱና ልጁን ከሥሩ ያስገቡ። ከዚያ የኒንቴንዶን የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ ስልክዎ ላይ ጭነው ከማሽኑ ጋር ያገናኙ፤ የቀን ገደብና የመኝታ ሰዓት የሚቀመጠው ከእሱ ነው። ብዙ ወላጅ የሚስተው አንድ ነጥብ አለ፦ ገደቡን ብቻ ካስቀመጡ ሰዓቱ ሲደርስ ማስታወቂያ ብቅ ይላል እንጂ ጌሙ አይቆምም። ጌሙን ራሱ እንዲያስቆም የሚለውን ለብቻው ማብራት አለብዎ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ለ2–4 ዓመት ልጆች ከስክሪን ፊት ተቀምጦ የሚያልፈው ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። ፒኑ የልጁ የልደት ዓመት አይሁን፣ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። የባንክ ካርድዎንም ኢሾፕ ላይ አስቀምጠው አይሂዱ።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለአገር ቤት ልጅ የሚላክ ከሆነ፣ የስዊች ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል በኢትዮጵያ 220 ቮልት ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ የአሜሪካው ሁለት ጠፍጣፋ እግር ግን ወደ ሁለት ክብ የሚቀይር አዳፕተር ይፈልጋል። የጌም ካርድ ከአሜሪካም ይሁን ከአውሮፓ ቢገዛ በስዊች ላይ ይሠራል። የኢሾፕ የስጦታ ካርድ ግን በአገር ይወሰናል፣ የአሜሪካው አገሩ አሜሪካ ተብሎ በተከፈተ አካውንት ላይ ብቻ ይገባል። የሊቲየም ባትሪ ስላለው በእጅ ሻንጣ ይጓዝ። ለገና ተገዝቶ ለፋሲካ የሚሰጥ ከሆነም ሳይሞላ አይቀመጥ፤ ኒንቴንዶ ቢያንስ በ6 ወር አንዴ ቻርጅ ይደረግ የሚለው፣ ባትሪው ረጅም ጊዜ ባዶውን ከቆየ ጨርሶ አልሞላም ሊል ስለሚችል ነው።