የመለከት አበባ የገዛሁበት ችግኝ ቤት፦ ችግኙ ይመቻል፣ አሻሻጡ ግን...

እኛ ሰፈር ወንዝ ዳር ካለው ችግኝ መሸጫ አንድ የመለከት አበባ ገዝቼ ተክያለሁ። ስለ ችግኙ ቅሬታ የለኝም። ስለ ሻጮቹ ነው ያለኝ።

ከጥሩው ልጀምር። ችግኙ ጤነኛ ነበር። ቅጠሉን ገልብጬ አየሁ፤ ነጭ ዝንብ የለበትም። ሥሩም በጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ ተጠቅልሎ አላረጀም። 400 ብር ጠርተው በ300 ለቀቁልኝ፤ ተሸክመውም መኪና ላይ ጫኑልኝ። አሁን በቁመት በልጦኛል። ብርቱካንማ አበባው ከስንዝር ይረዝማል፣ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ነው የሚፈካው። ቀን እምብዛም አይሸትም። መሸት ሲል ግን ጎረቤት ድረስ ያውዳል።

ያናደደኝ ያስቀመጡበት ቦታ ነው። ከጤና አዳም፣ ከበሶብላና ከጥብስ ቅጠል ጋር አንድ መደብ ላይ ደርድረውታል። ስም የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው። የሚሸጠውን ልጅ «ይሄ መርዝ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ እትዬ፣ አበባ ደግሞ ምን መርዝ አለው!» ብሎ ሳቀ።

አለው እንጂ! የአስተናግር የቅርብ ዘመድ ነው። (ድንችና ቲማቲምም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ዘመድ አይመረጥም።) ከአስተናግር ለመለየት አበባውን ማየት ይበቃል። የአስተናግር አበባ ወደ ላይ ቀና ይላል፣ የዚህ ወደ መሬት ያቀረቅራል። አስተናግር ፍሬው እሾሃም የሆነ አረም ነው፤ ይሄ ግንዱ እንጨት የሚሆን፣ ፍሬው እሾህ የሌለው ዛፍ ነው። መርዛቸው ግን ያው ነው፦ አትሮፒን፣ ስኮፖላሚንና ሃዮሲያሚን። ከቅጠሉ እስከ ዘሩና ሥሩ ደህና የሚባል ክፍል የለውም። የቀመሰ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ የሌለ ነገር እያየ ይቃዣል። ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመ ወተት ላጠጣው፣ ላስመልሰው ሳይሉ ቅጠሉን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ታዲያ ለምን ገዛሽው ትሉኝ ይሆናል። ውበቱ አሸንፎኝ ነዋ! ደግሞም የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሆኖ ሳለ ዛሬ 7ቱም ዝርያዎቹ ከዱር ጠፍተዋል ተብለው ነው የተመዘገቡት። ያቆየው ሰው ግቢው ውስጥ እየተከለ ነው። ይሄን ሳውቅ ጭራሽ አንጀቴን በላው።

የተከልኩት ከቤቱ ጀርባ፣ ከመኝታ ቤት መስኮትና ልጆች ከሚጫወቱበት ራቅ አድርጌ ነው። ለቤተሰቡ በሙሉ የነገርኩት አንድ ሕግ አለ፦ የበዓል በግ እዚያ ጥግ አይታሰርም። ስከረክመው ጓንት አደርጋለሁ፣ ዓይኔን አልነካም። ፈሳሹ በጣት ዓይን ውስጥ ከገባ የአንዱን ዓይን ብሌን ብቻ ያሰፋና ሰው ያስደነግጣል። የተቆረጠውን ወዲያው በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ አስወግዳለሁ፤ በግ ካለበት ጥዬ አልሄድም።

ውሃና ፍግ ይወዳል። በበጋ ቀትር ላይ ቅጠሉ ጠውልጎ የሞተ ይመስላል፤ ውሃ ሲያገኝ ግን ቀና ይላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ግንዱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ያድግና እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል። አበባ የሚይዘው ከዚያ በላይ ነው። ከባላው በታች ከቆረጣችሁት አበባ ለማየት እንደገና መጠበቅ ነው።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ሦስቱም የችግኙ ናቸው። ለጽጌረዳና ለአቮካዶ ችግኝ እዚያው እመለሳለሁ፤ ጤና አዳም ግን ከዚያ መደብ አላነሳም። ባለቤቷን አግኝቼ «ኧረ ይሄን ለብቻው አድርጊው፣ ጽሑፍም ለጥፊበት» ብያት «እሺ፣ ችግር የለም» ብላኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ አየሁት፤ ከበሶብላው ጎን ነው።