የቢሮዬ የኢንተርኔት ስልክ ከ11 ወር በኋላ

ዩኒቨርሲቲያችን የድሮውን ስልክ ነቅሎ በኢንተርኔት የሚሠራውን ሲተክል፣ ከሬጅስትራር ቢሮ መጀመሪያ የደረሰው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ይኸው 11 ወር ሆነው።

ከድምፁ ልጀምር። ጥርት ያለ ነው። ድሮ ከሌላው ካምፓስ ሲደወል አንድ የተማሪ መታወቂያ ቁጥር ሦስቴ አስደግሜ ነበር የምጽፈው። አሁን አንዴ ይበቃኛል። አራት አሃዝ ስጫን ጎረቤት ቢሮ የደወልኩ ያህል አገኛቸዋለሁ። ጥሪው በራሳችን ኔትወርክ ስለሚሄድ ሂሳብም አይቆጥርም። ድሮ ማዞሪያ ላይ ያሉትን እትዬን “እባክዎ ፋይናንስን ያገናኙኝ” ብሎ መለመን ነበር። (እትዬ አሁን መረጃ ዴስክ ናቸው። ይህን ስልክ አይወዱትም፤ አልፈርድባቸውም።)

ችግሩ መብራት ነው። የድሮው ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው በስልኩ ሽቦ፣ ከማዞሪያው ባትሪ ነበር። ሰፈሩ ጨልሞ እንኳ ይጮኽ ነበር። አዲሱ ኤሌክትሪኩን የሚስበው ከኔትወርክ ገመዱ ነው፤ ገመዱ ደግሞ ኮሪደር ላይ ካለው ስዊች፣ የፎቃችን የኔትወርክ ገመዶች ከሚገናኙበት ሳጥን። ስዊቹ ከጠፋ ስልኩ የጠረጴዛ ጌጥ ነው። ጄነሬተር ቢነሳም ስዊቹ እስኪነቃ፣ ስልኩም ጥሪዎቹን ከሚያስተናግደው ሰርቨር ጋር እስኪተዋወቅ ደቂቃዎች ያልፋሉ።

ለዚህ ተብሎ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ስዊቹን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ፣ ተገዝቶለታል። ታዲያ በምዝገባ ሳምንት፣ ወረፋው ደረጃው ድረስ ወርዶ ሳለ፣ የፎቃችን ስልክ በሙሉ ድርግም አለ። መብራት አልጠፋም። የአይቲው ልጅ እየሮጠ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ዩፒኤሱ ላይ የውሃ ማፍያ ተሰክቷል። ጭነቱን አልችል ብሎ ጠፍቷል። ውሃው ለብ እንዳለ ቀርቷል። ማን እንደሰካው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የሁላችንም ስኒ ግን ተደርድሮ ነበር።

የቢሮውን ቁጥር ሞባይሌ ላይ የሚያመጣልኝ አፕም አለ። ጠዋት ጠዋት ግሩም ነው። 10 ሰዓት ላይ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ዋይፋዩ ላይ ሲሰፍር ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። የአይቲው ልጅ እንዳስረዳኝ፣ አንድ ጥሪ 100 ኪሎቢት በሰከንድ እንኳ አይሞላም። ገዳዩ መዘግየት ነው። ድምፅ ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ከፈጀበት ሰው እርስ በርሱ ንግግር መሻማት ይጀምራል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ግን በገመድ ስለሆነና ለድምፅ ቅድሚያ ስለተሰጠ ምንም አይሆንም። ከቤት ስሞክረው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው፤ እኔ እሰማቸዋለሁ፣ እነሱ አይሰሙኝም። ፋየርዎሉ፣ የኔትወርኩ ዘበኛ ማለት ነው፣ ድምፁን በአንድ በኩል ብቻ ያሳልፍ ነበር። ሁለት ሳምንት “ሃሎ፣ ሃሎ” ስል ከረምኩ፣ ከዚያ ተስተካከለ።

በነገራችን ላይ፣ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ባልደረባዬ “ይሄ ነገር አያሳስርም?” ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን ያስቀጣ ስለነበር፣ ነገሩ ብዙ ሰው ጆሮ ላይ ይከብዳል። የእኛው ግን የቤት ውስጥ መስመር ነው፤ ወደ ውጭ ስንደውል በተለመደው የቴሌ መስመር ይወጣል።

የድምፅ መልእክት መቀበያውስ? በ11 ወር ሁለት ገባልኝ። አንደኛው ትንፋሽ ብቻ ነው። እኛ አገር ሰው ካጣህ ደግመህ ትደውላለህ እንጂ ለማሽን አታወራም።

ወደ ድሮው ትመለሻለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አልመለስም። ለዩፒኤሱ ቁልፍ ያለው ሳጥን ይሠራለት ብለን ደብዳቤ ከጻፍን ግን 4 ወር ሆነን።