ሐረጎን ለመንዳት የወሰድኩት የሦስት ቀን ልምምድ

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ እነዳለሁ፣ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ግን ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም። ደሴ ስሄድ መኪናዬን አቁሜ ሚኒባስ ነበር የምይዘው፣ ያውም ለ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ። ባለፈው ወር ጎረቤቴ መንጃ ፈቃድ ላላቸው ሰዎች በገዛ መኪናቸው ልምምድ የሚሰጡ አንድ ትልቅ ሰው ጠቆመችኝና ሦስት ቀን ወሰድኩ።

ዳገት ላይ የፍሪሲዮን አያያዝ ነው የሚያስተምሩኝ ብዬ ነበር። እሱንማ በግማሽ ሰዓት ጨረስነው። የቀረው ጊዜ በሙሉ ያለቀው ዓይኔ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጭነት መኪና ጎማው ፈንድቶ ዳር ቆሟል፣ ሰው ከቦታል፣ እኔም ምን ሆኖ ይሆን ብዬ ዞር አልኩ፣ አልፈነው እንኳ አንገቴ አልተመለሰም። ፊቴን ስመልስ የእሳቸው እጅ መሪው ላይ ነው። የቀኝ ጎማዬ ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠሩ ከሥር ሲንኳኳ ይሰማኛል። አልተቆጡም። "ልጄ፣ ዓይንሽ የሄደበት እጅሽ ይከተላል" አሉና ዝም አሉ።

መንገዱ ሰፋ ሲል ዳር አስያዙኝ። ስንት ሰከንድ ነው ያየሽው አሉኝ። ሦስት ቢሆን ነው አልኳቸው። በ40 ስትነጂ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄጃለሽ፣ በሦስት 33 አሉና ከመኪና አስወርደው ዳር ዳሩን በእርምጃ አስለኩኝ። 33 ብዬ ቆሜ ወደ ኋላ ሳይ መኪናዬ ርቃ አነስ ብላ ታየችኝ። ያን ሁሉ መንገድ፣ ጎኑ ገደል በሆነ ዳገት ላይ፣ እኔ ፊቴን ሳላይ ነው የሄድነው። ጉልበቴ ራደ። ያችን ቆጠራ መቼም አልረሳትም፣ ለከፈልኩት ገንዘብ እሷ ብቻዋን ትበቃኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጮክ ብዬ እንድናገር አደረጉኝ። "ባጃጅ ከፊት፣ ሰው ሊያወርድ ነው። ቀኝ አህያ። ሕፃን በቆሎ ይዞ እየሮጠ መጣ። ከኋላ አይሱዙ በስፖኪዮ።" መጀመሪያ አፈርኩ፣ ግን ይሠራል። አፌ መንገዱን ሲቆጥር ዓይኔ ለሱቅ ማስታወቂያና ለሰርግ መኪና ጊዜ አላገኘም። ደሴ ገብተን ፒያሳ ላይ ሰው ከየአቅጣጫው ሲሻገርም ይኸው ነገር ነው ያረጋጋኝ።

ቁልቁል ስንመለስ ኮምቦልቻ ከታች ተዘርግታ ስትታይ ልቤ ቀረ። ማየት ካማረሽ ፍሬቻ አሳዪ፣ መታጠፊያ የሌለበት ሰፊ ቦታ ላይ አቁሚና እስኪበቃሽ እዪ አሉኝ። አቁመን አየን። አምስት ደቂቃ ያህል ቆመናል፣ እሳቸውም አልቸኮሉም። ጉም የወረደ ቀን ደግሞ እንኳን እይታው መንገዱም አይገኝም፣ ያኔ በሁለተኛ ማርሽ ይዘሽ፣ መብራትሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ቀስ ማለት ነው ብለው በሦስተኛው ቀን በተግባር አሳዩኝ።

ቅር ያለኝን ልናገር። ስልካቸው ሁለቴ በኃይል ጮኸ፣ አንዱንም አነሱት። ሹፌሯ እኔ ብሆንም ጎኔ ሰው ሲያወራ ጆሮዬ እዚያ ሄደ፣ መታጠፊያ ላይ ማርሽ ለመቀነስ ዘገየሁ። ነገርኳቸው፣ ይቅርታ ብለው አጠፉት። በሁለተኛው ቀንም 40 ደቂቃ አርፍደዋል፣ ሥራ ላለው ሰው ይህ ይከብዳል። ዋጋቸው በሰዓት ሲታሰብ እኔ ከተማርኩበት ማሠልጠኛ ይወደዳል።

ቢሆንም ድጋሚ እከፍላለሁ። ከተማ ውስጥ ብቻ ነድታችሁ ሐረጎን የምትፈሩ ካላችሁ ሞክሩት፣ ስልካቸውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት እንዲያጠፉ ጠይቁ። እኔ ቅዳሜ ለማታ መንዳት ቀጠሮ ይዣለሁ። ወንድሜን ከኋላ ላስቀምጠው ነው፣ እሱም እየነዳ መስኮት ማየት ይወዳል።