ልደቷን የምትፈራዋ ልጅ፦ ለሳቁ ሂዱ፣ ለመጨረሻው ግን እኔን አትውቀሱ

ስታዲየም አካባቢ ካሉት ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ያየሁት የፍቅር ኮሜዲ ነው። ሳቅ ከፈለጋችሁ ሂዱ።

ልጅቷ ልደቷ ጎደሎ ቀን ነው ብላ ታምናለች። በልደቷ ቀን እጮኛዋ ጥሏት ሄዷል፣ በሌላው ዓመት ደግሞ በዚያው ቀን ከሥራ ተባራለች። ስለዚህ ቀኑ ሲደርስ ስልኳን ታጠፋለች፣ ሊፍት አትገባም። (በዚህ ከተማ ሊፍት ለመፍራት ልደት መጠበቅ ያስፈልጋል እንዴ?)

እናትየዋ ግን ፊልሙን ይዛዋለች። በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ከጀርባዋ ደብቃ ትገባለች፣ ሽታው ቀድሟታል። «ዳቦ ነው ልጄ፣ ልደት አላልኩም።» ልጅቷ ዳቦው ላይ የተሰካውን ሻማ አየት አድርጋ «ታዲያ ይሄስ እማዬ?» ስትላት «መብራት ቢጠፋ ብዬ ነዋ!» አዳራሹ በሳቅ አለቀ።

ከሚወዳት ልጅ ጋር የያዙት የቀጠሮ ነገርም ቆንጆ ነው። «አንበሳው ሥር» ተባብለው እሷ ብሔራዊ ቲያትር ፊት ያለው አንበሳ ጋ ስትቆም እሱ ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ካለው አንበሳ ሥር ይንቆራጠጣል። የአዲስ አበባ ሰው ብቻ የሚያስባት ቀልድ ናት።

ችግሩ ልጁ ነው። ኬክ ቤት ይሠራል፣ መልከ መልካም ነው፣ በቃ። መጨረሻ ላይ ረጅም ንግግር ያደርግላትና ያ ሁሉ ዓመት የተሸከመችው ፍርሃት ብን ብሎ ይጠፋል። አልዋጥልህ አለኝ። ከነፍርሃቷ ቢወዳት ምን ነበረበት?

ደግሞ ልደቷን ግንቦት ውስጥ ማድረጋቸው ያስቆጫል። ጳጉሜን 6 ቢያደርጉት ኖሮ እኮ ሌላ ፊልም ይወጣው ነበር! በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ያለፈው 2015 ነበር፣ ቀጣዩ 2019 ነው። ሦስቱን ዓመት እፎይ ብላ ኖራ አራተኛው ሲቃረብ መንቀጥቀጥ ስትጀምር፣ ከተማው ለእንቁጣጣሽ በግ ሲጎትት እሷ በሯን ቆልፋ ስትቀመጥ አስቡት።

አዳራሹ ንጹሕ ነው፣ ፈንዲሻውም ትኩስ። ድምፁ ግን ያናድዳል፤ ሙዚቃው ሲገባ ንግግሩን ይውጠዋል፣ በተለይ ዳርና ዳር ከተቀመጣችሁ። ትኬት ስትቆርጡ መሃል ጠይቁ። ሰዓቱም እንደተጻፈው አይጀምርም፣ ማስታወቂያው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ማኪያቷችሁን ተረጋግታችሁ ጠጥታችሁ ግቡ።